አሮጌው ላፕቶፕና አዲሱ ሥርዐት፦ ምን ይደረግ?

በካይሮ በምንገኘው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መካከል እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ሳይነሣ የማይውል አንድ ጥያቄ አለ። በመኖሪያ ክፍሎቻችን፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ፣ በአንድ ሳህን ፉል ዙሪያ ሳይቀር ይነሣል። ጥያቄው «ላፕቶፔ አዲሱን ዊንዶውስ አልቀበልም አለ፤ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። መልሱም እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ «ተወው፤ ይሠራ የለም ወይ?» ይላል። ሌላው «ሽጠውና አዲስ ግዛ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «አምጣው፤ በጉልበት እጭነዋለሁ» ይላል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም አባባሎች አንድ በአንድ መርምረን፣ የራሳችንንም ስሕተት ሳንደብቅ፣ ይበጃል የምንለውን አቋም ለውይይት እናቀርባለን።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ነን እንጂ የኮምፒውተር መሐንዲሶች አይደለንም። የምናውቀውም የጓደኞቻችንን ላፕቶፕ ስንፈታና ስንገጥም፣ አንዳንዴም ስናበላሽ የተማርነውን ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ሆኖ አላገኘነውም። ላፕቶፕ ለዛሬው ተማሪ መጽሐፉም ደብተሩም ነው፤ ብዙ ጊዜም የፈተና ወረቀቱ ነው። አንድ የስኮላርሺፕ ተማሪ ላፕቶፑ በፈተና ሰሞን ሲወድቅበት የሚደርስበትን ጭንቀት ያላየ ካለ፣ በመካከላችን አልኖረም ማለት ነው።

የጥያቄው መነሻ

ዊንዶውስ 10 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የወጣው እ.ኤ.አ. በጁላይ 29 ቀን 2015 ነው። አምራቹ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ በማግሥቱ መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም። ይከፈታል፤ ይጽፋል፤ ፊልምም ያሳያል። የቆመው ጥገናው ነው። ማንኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም በብዙ ሚሊዮን የትእዛዝ መስመሮች የተሠራ በመሆኑ በየጊዜው ቀዳዳ ይገኝበታል። ቀዳዳው በተገኘ ቁጥር አምራቹ መድፈኛ ይልካል፤ አፕዴት የምንለው ይኸው ነው። ድጋፉ ከቆመ በኋላ ግን ቀዳዳው ይገኛል፤ መድፈኛው አይመጣም። ይባስ ብሎም ለአዲሱ ዊንዶውስ የሚወጣው መድፈኛ፣ ተመሳሳይ ቀዳዳ በአሮጌው ላይ የት እንዳለ ለክፉ አሳቢዎች ይጠቁማል።

ታዲያ ወደ አዲሱ መሻገር ነዋ! ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኦክቶበር 5 ቀን 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ከቀደሙት ሁሉ የበረታ ቅድመ ሁኔታ ይዞ መጣ። 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይበቃዋል፤ ይህን አብዛኞቻችን እናሟላለን። ነገር ግን ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የምስጢር ቁልፎች መጠበቂያ ክፍል ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ፕሮሰሰሩ ኩባንያው ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለበት። በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2017 መውጣት ከጀመረው ከስምንተኛው ትውልድ ነው።

ትውልዱን ለማወቅ ምንም ምርምር አያሻም። በፕሮሰሰሩ ስም ውስጥ ካለው ሰረዝ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር ማየት ይበቃል። አይ5-6200ዩ ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ አይ5-8250ዩ ስምንተኛ ነው፤ አይ5-10210ዩ ደግሞ አሥረኛ ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችን የያዝነውን እንመልከት። አብዛኞቹ ላፕቶፖቻችን ተመርቀው ከሄዱ ታላላቆቻችን የወረስናቸው፣ ወይም ከመርካቶ፣ ወይም እዚሁ በባብ ኤል ሉቅ አካባቢ ካለው የኮምፒውተር ገበያ ያገለገሉ ሆነው የተገዙ ናቸው። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ትውልድ በመካከላችን የተለመደ ነው። በሌላ አነጋገር አጥሩ የቆመው ልክ እኛ ባለንበት ላይ ነው።

«አዲስ ግዙ» ለሚሉን

ይህን ምክር የሚሰጡን ወገኖች ክፉ አስበው አይደለም። ነገር ግን ምክራቸው የተማሪውን ኪስ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2024 የግብፅ ፓውንድ ምንዛሪ ሲለቀቅ፣ 31 ፓውንድ ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ወደ 50 ፓውንድ ገደማ ወጣ። በዚያው ዓመት ጁላይ 29 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲተው ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የላፕቶፕ ዋጋ የሚከተለው ዶላርን ነው። የእኛ የኪስ ገንዘብና ቤተሰብ የሚልክልን ግን ዶላርን ተከትሎ አያድግም። ስለዚህ «አዲስ ግዛ» ማለት በተግባር «አባትህ በሬ ይሽጡ» ወይም «እናትሽ ዕቁባቸውን ቀድመው ይውሰዱ» ማለት ይሆናል። ለዚያውም ላልተበላሸ ዕቃ!

ከኪሳችንም አልፈን እንመልከተው። በተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ተሳትፎ የተዘጋጀው የ2024 ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ዘገባ እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ አወጣች። ከዚህ ውስጥ በትክክል ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው በየጓሮው ይከማቻል፤ ይቃጠላል፤ እርሳሱና ሜርኩሪው ወደ አፈርና ወደ ውኃ ይገባል። የእርሳስ መመረዝ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን በክፍል የተማርን ሰዎች፣ የሚሠራን መሣሪያ በቀላሉ «ጣሉት» ልንል አይገባንም።

«ተወው፤ ይሠራ የለም ወይ?» ለሚሉን

ይህ አባባል ከሁሉም የተለመደው፣ ከሁሉም ደግሞ አደገኛው ነው። ለምን እንደሆነ ከራሳችን ሙያ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዓለም ላይ ተሰራጨ። በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ውስጥ ከነበሩት 236 የጤና ድርጅቶች ቢያንስ 80ዎቹ ታወኩ። ከ19,000 በላይ ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ተገምቷል። በአንዳንድ ቦታ ድንገተኛ ክፍሎች ሕመምተኞችን ወደ ሌላ ሆስፒታል ለማሳለፍ ተገደዱ። የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ማርች 14 ቀን፣ ማለትም ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። ብዙዎች እንደሚያስቡትም ከተጠቁት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ድጋፉ የቆመው አሮጌው ኤክስፒ አልነበሩም። በጊዜው ድጋፍ የነበረው፣ ነገር ግን መድፈኛው ያልተጫነበት ዊንዶውስ 7 ነበሩ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንቀስማለን። አንደኛ፣ መድፈኛ እያለ አለመጫን ይህን ያህል ጉዳት ካደረሰ፣ መድፈኛው ጨርሶ በማይመጣለት መሣሪያ ላይ ተደላድሎ መቀመጥ እንዴት ያለ ነገር ነው? ሁለተኛ፣ አደጋው የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ዋናክራይ በአንድ መረብ ላይ ካለ አንድ መሣሪያ ወደ ሌላው ራሱ ይዛመት ነበር። እኛም በአንድ ዋይፋይ የምንኖር ሰዎች ነን። ስለ ተላላፊ በሽታ የተማርነውን እዚህ ላይ መርሳት አይገባም፤ የአንዱ ክፍል ቸልተኝነት የጎረቤቱም ጉዳይ ነው።

የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪዎች የሆንን ደግሞ የበለጠ ኀላፊነት አለብን። በየላፕቶፖቻችን ውስጥ ከዎርድ የወሰድናቸው የሕመምተኞች ታሪኮች፣ አንዳንዴም የቁስልና የራጅ ፎቶግራፎች አሉ። ሕመምተኛዋ ልብሷን ገልጣ ስታሳየን እኛን አምና ነው። ፈቃድ የሰጠችው ለምርመራ እንጂ ምስሏ በማናውቀው ሰው እጅ እንዲገባ አይደለም። በዚህ ላይ ከገበያ በፍላሽ የሚታደለውን «ክራክ» የተባለ የተሰረቀ ፕሮግራም ስንጨምርበት፣ በሩን ከፍተን ሌባውን ራሳችን እንደ መጋበዝ ይቆጠራል። ስለዚህ እንላለን፦ የሕመምተኛ ስም ያለበት ማንኛውም ጽሑፍ መድፈኛ በማይመጣለት መሣሪያ ላይ ሊቀመጥ አይገባም። ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ማጥፋት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«በጉልበት እንጫነው» ለሚሉን፣ ከግለ ሂስ ጋር

ይህ ሦስተኛው አቋም የራሳችን አቋም ነበር። ስለዚህ ስለ እርሱ የምንጽፈው ከሂስ ይልቅ ግለ ሂስ ነው።

የዊንዶውስ 11ን አጥር መዝለል ይቻላል። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የመዝለያ መንገድ አሳትሞ ነበር፤ በኋላ ከገጹ አነሣው። ሩፈስ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ምርመራውን የሚያልፍ የመጫኛ ፍላሽ ያዘጋጃል። ነገር ግን ኩባንያው ቅድመ ሁኔታውን ለማያሟሉ መሣሪያዎች አፕዴት የመላክ ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ አስታውቋል። ወርኀዊው መድፈኛ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ዓመታዊው ትልቁ ለውጥ ግን በየጊዜው እንደገና በእጅ መጫን ይሻል። 24ኤች2 ከተባለው ዕትም ወዲህ ደግሞ እጅግ አሮጌ የሆኑ ፕሮሰሰሮች አንዳንድ የሚጠየቁ ትእዛዞችን ስለማያውቁ፣ ሥርዐቱ በእነርሱ ላይ ፈጽሞ አይነሣም።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን ዋዜማ አንዲት የነርሲንግ ተማሪ እኅታችን ላፕቶፗን አመጣችልን። ስድስተኛ ትውልድ፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ነበር። እኛም ሳንጠይቅና ሳንመረምር በተዘጋጀው ፍላሽ ዊንዶውስ 11ን ጫንንበት። ሥራው ተሳካ፤ እኛም ኮራን። በማግሥቱ ግን ኮምፒውተሩ አንድ ሰነድ ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅ ጀመር። «ንጹሕ ሆኖ ቢጫን ይሻለዋል» ብለን ዋናውን ክፍል ደምስሰን እንደገና ጫንነው። ጽሑፎቿ በሌላው ክፍል ያሉ መስሎን ነበር። የነበሩት ግን በዴስክቶፑ ላይ ነው። የሦስት ዓመት የጥናት ማስታወሻና የመመረቂያ ጥናቷ ረቂቅ በአንድ ቁልፍ ጠፉ። እኅታችን አልጮኸችብንም። «አይዟችሁ፤ አውቃችሁ አይደለም» ብላ ላፕቶፗን ይዛ ወጣች። የፋርማኮሎጂ ፈተናዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሰው ደብተር እየተዋሰች ስትገለብጥ አየናት። ከዚያ በላይ ወቀሳ አያስፈልገንም ነበር።

ጥፋታችን የዕውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም። አንድ የሕክምና ተማሪ በሽተኛውን ሳይመረምር፣ የቀድሞ ታሪኩን ሳይጠይቅ፣ ሳያስፈርም ቢላዋ አያነሣም። እኛ ግን ዕቃ ነው ብለን ይህን ሁሉ ዘለልነው። ዕቃው ውስጥ የሰው ልፋት እንዳለ ዘነጋን።

መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ መድኃኒት

ከዚያ ወዲህ የገባን ዋና ነገር ይህ ነው። አብዛኛው ተማሪ «ላፕቶፔ አረጀ» ሲል የሚያማርረው ዝግታውን ነው፤ ዝግታው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፕሮሰሰሩ ሳይሆን ከሃርድ ዲስኩ ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ በሴኮንድ 90 ጊዜ ይዞራል። አንድ ዙር 11 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። የሚፈለገው ጽሑፍ ከማንበቢያው ሥር እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ ማንበቢያው ራሱ ከቦታ ቦታ እስኪሄድ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይጨመራል። ስለዚህ ዲስኩ በሴኮንድ መቶ የተበታተኑ ፋይሎችን እንኳ ማንሣት አይችልም። ዊንዶውስ ደግሞ ሲነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ይጠይቃል። ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው አዲሱ ማከማቻ ግን የሚሽከረከር አካል ስለሌለው በሴኮንድ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ይመልሳል።

ሁለተኛው ምክንያት የራም ማነስ ነው። ራም ሲሞላ ሥርዐቱ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ዲስኩ ዝግተኛ ከሆነ ሁለቱ በሽታዎች ይደጋገፋሉ። ሦስተኛው አቧራና ሙቀት ነው። የካይሮ አቧራ የማራገቢያውን ቀዳዳ ሲደፍነው ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ይህንን የሚፈውስ ዊንዶውስ አልተሠራም፤ ፈውሱ ብሩሽና ትዕግሥት ነው። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን ብሩሹን አስቀምጣችሁ፣ ሳትወጉና ሳትጫኑ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት፤ የሊቲየም ባትሪ እሳት ቀልድ አይደለም።

በልምዳችን፣ ሃርድ ዲስክን በኤስ.ኤስ.ዲ. መለወጥና ራምን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ላፕቶፑን ሌላ ዕድሜ ይሰጠዋል። ሁለቱ ተደምረው የአዲስ ላፕቶፕን ዋጋ አንድ ክፍልፋይ ብቻ ይፈጃሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ራሙ የሚወጣ መሆኑን አረጋግጡ፤ በቀጫጭኖቹ ላይ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ አለ።

አቋማችን

ከዚህ በላይ ባልነው መሠረት፣ የእኛ አስተያየት እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ያላችሁ በሕጋዊው መንገድ ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻገሩ። «ቲ.ፒ.ኤም. የለም» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ነው። ኢንቴል ፒ.ቲ.ቲ. ይለዋል፤ ኤ.ኤም.ዲ. ኤፍ.ቲ.ፒ.ኤም. ይለዋል። ከተሻገራችሁም በኋላ ዲስኩ በራሱ ተመስጥሮ ሊሆን ስለሚችል የመክፈቻ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ በወረቀት ጻፉ። ቁልፉ የጠፋበት ዲስክ ለባለቤቱም አይከፈትም።

ሁለተኛ፣ ከዚያ በታች ያላችሁና ዊንዶውስን ገና የምትፈልጉ፣ ኩባንያው ለግለሰቦች ያወጣውን የመድፈኛ ማራዘሚያ አስታውሱ። የሚሸፍነው እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በ30 ዶላር፣ ወይም በ1,000 የማይክሮሶፍት የሽልማት ነጥብ፣ ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር በማይክሮሶፍት አካውንት በማስቀመጥ ያለ ክፍያ እንዲገኝ ተደርጓል። ይህ ግን ድልድይ ነው፤ በድልድይ ላይ ቤት አይሠራም።

ሦስተኛ፣ የአሮጌው ላፕቶፕ ዘላቂ መፍትሔ በእኛ አስተያየት ሊኑክስ ነው። ለጀማሪ ሊኑክስ ሚንትን እንመርጣለን፤ በጁላይ 2024 የወጣው 22ኛው ዕትም እስከ 2029 መድፈኛ ይላክለታል። በ2 ጊጋባይት ራም ይነሣል፤ 4 ቢሆን ይመቸዋል። የደከመ መሣሪያ ያለው ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላሉን ዓይነት ይውሰድ። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ መሞከር መቻሉ ነው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ማተሚያው የሚሠራ መሆኑን አንድ ፋይል ሳትነኩ ታያላችሁ።

«ሊኑክስ የመሐንዲሶች ነው» የሚል አስተያየት እንሰማለን። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፤ እኛን የሚመስል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ተባብረው አሳደጉት። ለእኛ ሥራም ይበቃል። ለማስታወሻ የምንጠቀምበት አንኪ ይሠራበታል። ሊብሬ ኦፊስ የወርድ ሰነዶችን ይከፍታል። የሲቲና የኤም.አር.አይ. ምስሎችን ለማየት ዌሲስ አለ። የግዕዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ፣ አማርኛ መጻፍና ማንበብ በሊኑክስም ችግር የለውም።

ጉድለቱንም አንደብቅም። በወርድ የተሠራ ውስብስብ ሠንጠረዥ በሊብሬ ኦፊስ ሲከፈት ሊዛባ ይችላል፤ ስለዚህ ለመምህር የሚሰጥ ጽሑፍ በፒ.ዲ.ኤፍ. ይሰጥ። ከዚህ የከበደው የፈተና ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ ሴፍ ኤግዛም ብራውዘር የሚሠራው በዊንዶውስ፣ በማክና በአይኦኤስ ላይ እንጂ በሊኑክስ ላይ አይደለም። በራሳችሁ ላፕቶፕ የምትፈተኑ ከሆነ ዊንዶውስን አታጥፉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ዊንዶውሱን ለፈተና ብቻ ተጠቀሙበት። በፈተና ሳምንት ደግሞ ምንም ነገር አትለውጡ። ይህን የምንለው ከደረሰብን ተምረን ነው።

አራተኛ፣ ከሁሉም በፊት፣ ማንም ሰው ላፕቶፕ ከመንካቱ በፊት የጽሑፎቹ ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይኑር፤ ቅጂው መከፈቱም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይረጋገጥ። ያልተከፈተ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።

ማኅበራችን ምን ያድርግ?

ይህ ጉዳይ የእያንዳንዱ ተማሪ የግል ችግር ተደርጎ ከቀጠለ፣ ገንዘብ ያለው ይገዛል፤ የሌለው በቀዳዳ መሣሪያ ይቀመጣል። ስለዚህ ለማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

የአባላት ላፕቶፖች ትውልድ፣ ራምና የዲስክ ዓይነት በአንድ ወረቀት ይመዝገብ፤ ስንቶቻችን ከአጥሩ ውጪ እንደሆንን ሳናውቅ መፍትሔ ማውራት አይቻልም። ከማኅበሩ ሣጥን ሁለት ውጫዊ ዲስኮች ተገዝተው ለቅጂ ብቻ ይዋሉ። ኤስ.ኤስ.ዲ. በጅምላ ተገዝቶ ለአባላት በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ይሰጥ፤ ዕቁብ ለለመደ ሕዝብ ልጆች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጥገና ጠረጴዛ ይዘጋጅ፤ እኛም ያለንን ጊዜና ጠመንዣ ይዘን እንገኛለን። የራሳቸው መሣሪያ የፈተና ፕሮግራሙን ለማይቀበልላቸው ተማሪዎች የኮምፒውተር ክፍል እንዲፈቀድ ለዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ይጠየቅ። በመጨረሻም ከአገር ቤት ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች ምን ዓይነት ያገለገለ ላፕቶፕ ቢገዙ እንደሚበጅ የሚገልጽ አንድ ገጽ ከመነሣታቸው በፊት ይላክላቸው። ዛሬ ስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ በውድ ገዝቶ የሚመጣ ታናሽ ወንድም ካለ፣ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን ያልነገርነው የእኛ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እኛ የራሳችንን በሽታ ገልጠን ጽፈናል። ያቺ እኅታችንም ይህ እንዲጻፍ ፈቅዳልናለች። የእርሷ ላፕቶፕ ዛሬ ኤስ.ኤስ.ዲ.ና 8 ጊጋባይት ራም ገብቶለት በሊኑክስ ሚንት ይሠራል፤ የመመረቂያ ጥናቷንም እንደ አዲስ የጻፈችው በእርሱ ላይ ነው። ዲስኩን የለወጥንላት እኛው ነን። ያን ቀን ግን ጠመንዣውን ከማንሣታችን በፊት ሁለቱን ቅጂዎች በሌላ ኮምፒውተር አንድ በአንድ ከፍታ አይታ፣ «አሁን ጀምሩ» ብላ ነው የፈቀደችልን።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም የምሕንድስና ተማሪዎች የሆናችሁ፣ ስሕተታችንን በሚቀጥለው ዕትም እንድታርሙን እንጠይቃለን።